የባዝቃው እንቆቅልሽ፤ ብዙዎች ሲያብሩ ስለሚወለደው አዲስ ጠባይ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አበው ሲተርቱ። የዚህ ተረት ትርጓሜ ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ አንዱ ድር ደካማ ነው፣ ብዙው ድር ግን ብርቱ ነው፣ ስለዚህ ተባበሩ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ኅብረት ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው። ዐሥር ሰዎች አንድ ግንድ ቢሸከሙ እያንዳንዱ የድርሻውን ያነሣል፤ የዐሥሩም ኀይል ተደምሮ ግንዱ ከመሬት ይነሣል። ይህ የመደመር ኅብረት ነው። ሁለተኛው ኅብረት ግን ከዚህ የጠለቀ ነው፤ ይኸውም ብዙዎች በአንድነት ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ብቻውን በጥቂቱም ቢሆን ያልነበረው ፍጹም አዲስ ጠባይ ሲወለድ ነው።

ለምሳሌ ውኃን እንመልከት። አንዲት የውኃ ሞለኪውል ብቻዋን ብትገኝ ፈሳሽ ናት ወይም በረዶ ናት ለማለት አይቻልም። መፍሰስም ሆነ መርጋት የብዙዎቹ እንጂ የአንዲቱ ጠባይ አይደለም። ያቺው ሞለኪውል ራስዋ ሳትለወጥ በብርድ ጊዜ በበረዶ ውስጥ፣ በመጠነኛ ሙቀት በውኃ ውስጥ፣ በብዙ ሙቀት በእንፋሎት ውስጥ ትገኛለች፤ የሚለወጠው ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ያላቸው ሥርዐት ነው። ይህን የመሰለውን የብዙዎች ጠባይ የሚመረምረው የፊዚክስ ክፍል ኮንደንስድ ማተር ፊዚክስ ይባላል፤ ተጠጋግቶና ተያይዞ ስለሚኖር ቁስ አካል፣ ማለት ስለ ጠጣርና ስለ ፈሳሽ ነገሮች የሚያጠና ትምህርት ነው።

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ የዚህን ትምህርት ታሪክ ልናቀርብ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። «አቶምን ያወቀ ሰው ሁሉን ያውቃል፤ የቀረው የሒሳብ ሥራ ብቻ ነው» የሚል አሳብ በተማሪዎች ዘንድ በብዛት ይሰማል። ይህ አሳብ እውነት ከሆነ ከኛ በፊት የነበሩት ሊቃውንት ታላቁን ሥራ ፈጽመውታል፤ ለኛ የቀረልን የእነርሱን ትርፍራፊ መልቀም ብቻ ነው። እውነት ካልሆነ ግን የሚጠብቀን ሥራ ብዙ ነው። ነገሩ በክርክር ብቻ የሚፈታ ስላይደለ፣ አንድ ጥቂት ባዝቃ ሊቃውንቱን 46 ዓመት ሙሉ እንዴት እንዳስጨነቃቸው እንተርካለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1897 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን አገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1900 ዓ.ም. ፓውል ድሩደ የተባለ የጀርመን ሊቅ፣ በብረታ ብረት ውስጥ ኤሌክትሪክን የሚያመላልሱት እነዚህ ኤሌክትሮኖች መሆናቸውን አስረዳ። በእርሱ አሳብ ኤሌክትሮኖች በገበያ መካከል እንደሚሮጡ ሰዎች ናቸው፤ እየተጋፉና እየተጋጩ ስለሚሄዱ ጉዞአቸው ይሰናከላል። ሬዚስታንስ የሚባለው የኤሌክትሪክ እንቅፋት ከዚህ የሚመጣ ነው፤ ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚሞቀውም ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ ብረቱ እጅግ ቢቀዘቅዝ ምን ይሆናል? ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ከዚያ የበለጠ ቅዝቃዜ የለም፤ ይህም ፍጹም ዜሮ ይባላል። ወደዚያ በተቃረብን መጠን እንቅፋቱ ምን እንደሚሆን ሊቃውንቱ በሦስት አሳብ ተከፈሉ። አንዳንዶቹ እንቅፋቱ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይጠፋል አሉ። ሌሎቹ በብረቱ ውስጥ ባለው ባዕድ ነገር ምክንያት ከተወሰነ መጠን በታች አይወርድም አሉ። ታላቁ ሊቅ ሎርድ ኬልቪን ግን ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው በብርድ ተይዘው ስለሚቆሙ እንቅፋቱ መጠን የሌለው ይሆናል ብሎ ገመተ። ሦስቱም አሳብ ምክንያት ነበረው፤ የሚያስታርቃቸው ፈተና ብቻ ነበር።

ያንን ፈተና የፈጸመው ሄይከ ካመርሊን ኦንስ ነው። በ1853 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በግሮኒንገን ከተማ ተወልዶ፣ በ1882 ዓ.ም. በላይደን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ሆነ። የሥራው መመሪያ «በመለካት ወደ ማወቅ» የሚል ነበር። ብርቱ ቅዝቃዜ በአንድ ሰው እጅና በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገኝ ነገር አለመሆኑን ስለ ተረዳ፣ ላቦራቶሪውን እንደ ፋብሪካ አደራጀ። በ1901 ዓ.ም. ወጣቶች የመሣሪያ ሥራና የብርጭቆ ጥበብ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አቋቋመ። በዚህ ዝግጅት ሐምሌ 10 ቀን 1908 ዓ.ም. ከማለዳ እስከ ምሽት ከሠራ በኋላ፣ ማንም ወደ ፈሳሽነት ሊለውጠው ያልቻለውን ሄሊየም የተባለውን ጋዝ ፈሳሽ አደረገው። ያገኘውም 60 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ብቻ ነበር፤ ይህም አንድ ሲኒ እንኳ በደንብ አይሞላም። ነገር ግን ፈሳሽ ሄሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ስለሚፈላ፣ ከምድር ሁሉ ቀዝቃዛው ስፍራ በዚያን ጊዜ ላይደን ሆነ።

ከዚህ በኋላ የብረታ ብረትን እንቅፋት መለካት ጀመረ። በመጀመሪያ ወርቅንና ፕላቲነምን ፈተነ፤ በእነርሱ ውስጥ ያለው ባዕድ ነገር ውጤቱን እንዳያበላሸው ስለ ፈራ ግን ወደ ባዝቃ ዞረ። ባዝቃ ደጋግሞ በማንጠር እጅግ ሊጠራ የሚችል ነው። የጠራውን ባዝቃ በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አድርገው በሄሊየም አቀዘቀዙት፤ ባዝቃውም ረግቶ እንደ ሽቦ ሆነ። ሚያዝያ 8 ቀን 1911 ዓ.ም. ኺለስ ሆልስት የተባለው ረዳት መለኪያውን ሲመለከት፣ የባዝቃው እንቅፋት ሊለካ ከማይቻልበት ደረጃ ላይ ወርዶ ተገኘ። የማቀዝቀዣውን መሣሪያ የሠራውና የሚቈጣጠረው ኼሪት ፍሊም ነበር። ሥራው የብዙ ሰዎች ሲሆን በታተመው ጽሑፍ ላይ በደራሲነት የተጻፈው የኦንስ ስም ብቻ ነው፤ የዘመኑ ልማድ እንዲህ ነበረና።

እንቅፋቱ መጥፋቱ ኦንስን ያን ያህል አላስደነቀውም፤ ቀስ ብሎ እንደሚጠፋ ይጠብቅ ነበርና። ያስደነቀው አጠፋፉ ነው። መለኪያው በረቀቀ ጊዜ፣ ከፍጹም ዜሮ 4.2 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ሳለ፣ በጥቂት መቶኛ ዲግሪ ልዩነት ውስጥ እንቅፋቱ ከገደል እንደ ወደቀ ድንጋይ በአንድ ጊዜ ጠፋ። በ1912 ዓ.ም. መጨረሻ ቆርቆሮና እርሳስም ይህንኑ ጠባይ አሳዩ። በ1914 ዓ.ም. ደግሞ ኦንስ በእርሳስ ሽቦ ጥምጥም ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዲዞር አድርጎ ምንጩን ለየው፤ ኤሌክትሪኩ የሚገፋው ሳይኖር ለሰዓታት ሳይደክም ሲዞር ተገኘ። ይህ ጠባይ ሱፐርኮንዳክቲቪቲ ተባለ፤ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እንቅፋት ማስተላለፍ ማለት ነው። ኦንስ ቀደም ብሎ በ1913 ዓ.ም. ስለ ብርቱ ቅዝቃዜ ምርምሩ የኖቤልን ሽልማት ተቀብሎ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ በአንድ ጊዜ መሆኑ ለምን እንደሚያስገርም ጥቂት እናስብ። በገበያ ውስጥ ያለው ሕዝብ እየቀነሰ ሲሄድ ግፊያውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ነገር ግን በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ በገበያው መካከል እየተጋፋ ሳለ፣ በአንድ ቅጽበት ማንም ማንንም ሳይነካ መሄድ ቢጀምር፣ «አንድ ትእዛዝ ሁሉን አግኝቶአል» እንላለን እንጂ እያንዳንዱ በየራሱ ትሑት ሆነ አንልም። ውኃ በዜሮ ዲግሪ ሲረጋም እንዲሁ ነው። የባዝቃውም ምልክት ይህ ነበር፤ የተለወጠው የኤሌክትሮኖቹ ሁሉ ሥርዐት እንጂ የእያንዳንዱ ኤሌክትሮን ጠባይ አልነበረም።

ይህን ምልክት ወደ ዕውቀት መለወጥ ግን እጅግ አስቸጋሪ ሆነ። በ1922 ዓ.ም. ኦንስ በመምህርነት 40 ዓመት የፈጸመበት በዓል ሲከበር፣ አልበርት አይንስታይን ለመታሰቢያው መጽሐፍ ስለዚሁ ነገር ጽፎ ነበር፤ ያቀረበው ግምት ግን በፈተና አልጸናም። በ1925 እና በ1926 ዓ.ም. ኳንተም ሜካኒክስ የተባለው የጥቃቅኑ ዓለም ሕግ ተገኘ። በ1928 ዓ.ም. ፌሊክስ ብሎክ በዚህ ሕግ ኤሌክትሮን በተስተካከለ ክሪስታል ውስጥ እንደ ማዕበል ሆኖ ሳይሰናከል ሊያልፍ እንደሚችል አስረዳ። የመዳብ ሽቦ ጠባይ በዚህ ተገለጠ፤ የባዝቃው ግን ተሰውሮ ቀረ። ኒልስ ቦር ሞከረ፤ ሃይዘንበርግ ሞከረ፤ በኋላም ሪቻርድ ፋይንማን ሞከረ፤ አንዳቸውም አልተሳካላቸውም። ብሎክ ራሱ፣ ስለ ሱፐርኮንዳክቲቪቲ ሊረጋገጥ የሚችለው ብቸኛ ነገር የቀረበው አሳብ ሁሉ ስሕተት መሆኑ ነው እያለ ይቀልድ እንደ ነበር ይነገራል።

እነዚህ ሰዎች የዘመናቸው ታላላቅ ሊቃውንት ነበሩ፤ የአንዱን ኤሌክትሮን ሕግ ያወጡትም ራሳቸው ናቸው። ሕጉ በእጃቸው ሳለ የ30 ዓመት ድካም ለምን አስፈለገ? አንዱን ከማወቅ ወደ ብዙዎቹ የሚያሻግር ሌላ አሳብ ስለ ጎደለ ነው። በጥቂት ባዝቃ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ተቈጥረው የሚያልቁ አይደሉም፤ እያንዳንዱም ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ይገፋፋል። የእያንዳንዱን መንገድ በሒሳብ ልከተል የሚል ሰው ዕድሜው አይበቃውም።

መንገዱ የተከፈተው በጥቂት በጥቂቱ ነው። በ1933 ዓ.ም. ቫልተር ማይስነርና ሮበርት ኦክሰንፌልድ በርሊን ላይ፣ ሱፐርኮንዳክተር የማግኔትን መስክ ከውስጡ አባርሮ እንደሚያስወጣ አገኙ። ከእንዲህ ያለ ነገር በላይ የተቀመጠ ማግኔት በአየር ላይ ተንሳፎ የሚቆመው ስለዚህ ነው። በዚያው ዓመት ሂትለር ሥልጣን ስለ ያዘ ፍሪትስ ለንደንና ታናሽ ወንድሙ ሃይንስ ለንደን የተባሉ አይሁዳውያን ሊቃውንት ከጀርመን ተሰድደው ወደ እንግሊዝ አገር ገቡ። በስደት ሳሉ በ1935 ዓ.ም. ይህን ማግኔት የማባረር ጠባይ የሚገልጽ ሒሳብ አወጡ። ከሁሉ የሚበልጠው አሳባቸው፣ በሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች እንደ አንድ አካል ሆነው ይኖራሉ የሚለው ነበር። እንዴት አንድ እንደሚሆኑ ግን ገና አልታወቀም።

በ1950 ዓ.ም. እንደ ገና ባዝቃ ምስክርነቱን ሰጠ። የባዝቃ አቶሞች ሁሉ ክብደታቸው እኩል አይደለም፤ ከባድና ቀላል ዓይነት አላቸው። በአሜሪካ አገር የተደረጉ ፈተናዎች፣ ከከባዶቹ አቶሞች የተሠራ ባዝቃ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆነው ከቀላሉ ይልቅ በበለጠ ቅዝቃዜ መሆኑን አሳዩ። የአቶሙ ክብደት ለውጥ ካመጣ፣ ኤሌክትሮኖቹን የሚያስታርቃቸው የአቶሞቹ እንቅስቃሴ ነው ማለት ነው።

ይህን የተረዳው ጆን ባርዲን ነው። እርሱ በ1947 ዓ.ም. ከዋልተር ብራተን ጋር ትራንዚስተርን የፈለሰፈ፣ በ1956 ዓ.ም. ስለዚሁ የኖቤልን ሽልማት የተካፈለ ሰው ነው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ሊዮን ኩፐር የተባለውን ወጣት ሊቅ ወደ እርሱ አመጣ፤ ሮበርት ሽሪፈር የተባለው ተማሪውም ከእነርሱ ጋር ሆነ።

በ1956 ዓ.ም. ኩፐር የመጀመሪያውን ቁልፍ አገኘ። ኤሌክትሮኖች እርስ በርሳቸው የሚገፋፉ ሲሆኑ፣ በብረት ውስጥ ግን ሊጣመሩ እንደሚችሉ አስረዳ። ነገሩን በገለባ ፍራሽ እንመስለው። አንድ ሰው ተኝቶበት ሲነሣ በፍራሹ ላይ ጎድጓዳ ስፍራ ይቀራል፤ ከኋላው የሚመጣውም ሰው ወደዚያ ጎድጓዳ ይንሸራተታል። ኤሌክትሮንም በአቶሞቹ መካከል ሲያልፍ ጥቂት ወደ ራሱ ይስባቸዋል፤ እነርሱ ከባዶች ስለ ሆኑ ቶሎ ወደ ስፍራቸው አይመለሱም፤ እርሱ አልፎ ከሄደ በኋላ የተጠጋጉት አቶሞች ሌላውን ኤሌክትሮን ይስባሉ። ሁለቱ ሳይገናኙ በአቶሞቹ አማካይነት ተጣመሩ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ጥንድ ብቻውን እንቆቅልሹን አይፈታም። ሁለቱ ጥንዶች እጅግ የተራራቁ ስለ ሆኑ፣ አንዱ ጥንድ በያዘው ስፍራ ውስጥ ሚሊዮን ያህል ሌሎች ጥንዶች ተጠላልፈው ይገኛሉ። ስለዚህ የሁሉንም ጥንዶች ነገር በአንድነት የሚገልጽ ሒሳብ አስፈለገ። በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ ሽሪፈር በኒውዮርክ ከተማ በምድር ውስጥ በሚሄደው ባቡር ተሳፍሮ ሳለ ያን ሒሳብ ጻፈው። ገና 25 ዓመቱ ነበር። ሦስቱ ሰዎች ሥራውን በኅብረት ፈጽመው በዚያው ዓመት አሳተሙት፤ በ1972 ዓ.ም.ም የኖቤልን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ባርዲን በፊዚክስ ይህን ሽልማት ሁለት ጊዜ የተቀበለ ብቸኛ ሰው ነው።

መልሱ ባጭሩ ይህ ነው። ተማሪዎች ለየብቻቸው በድንጋያማ ሜዳ ቢሮጡ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ይሰናከላል። ነገር ግን ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድ እርምጃ ቢሄዱ፣ አንዱ ድንጋይ ቢመታው እንኳ ባልንጀሮቹ ይዘውት ያልፋሉ፤ አንዱን ለማስቆም ሰልፉን ሁሉ ማስቆም ያስፈልጋል። በባዝቃው ውስጥ ያሉ ጥንዶችም አንዱን ከኅብረቱ ለመለየት የተወሰነ ጉልበት ይጠይቃሉ፤ በዚያ ቅዝቃዜ ደግሞ ይህን ጉልበት የሚያገኝ እንቅፋት የለም። ሙቀቱ ሲጨምር ጥንዶቹ ይፈታሉ፤ ኅብረቱም ይፈርሳል፤ ባዝቃውም ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። አንዲት ኤሌክትሮን ብቻዋን ሱፐርኮንዳክተር ልትሆን አትችልም፤ አንድ ሰው ብቻውን ሰልፍ እንደማይሆን ማለት ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1962 ዓ.ም. ብራያን ጆሴፍሰን የተባለ የ22 ዓመት የኬምብሪጅ ተማሪ፣ ሁለት ሱፐርኮንዳክተሮች ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ እጅግ ስስ ሽፋን ቢለያዩ እንኳ፣ ጥንዶቹ ሽፋኑን ያለ አንዳች ግፊት ሊያልፉ እንደሚችሉ በሒሳብ ተነበየ። ታላቁ ባርዲን ይህ ሊሆን አይችልም ብሎ በጽሑፍ ተቃወመው። በ1963 ዓ.ም. ፊሊፕ አንደርሰንና ጆን ሮወል ፈትነው እውነቱ ከተማሪው ጋር መሆኑን አረጋገጡ፤ ጆሴፍሰንም በ1973 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት አገኘ። ከዚህ ግኝት በተሠሩ መሣሪያዎች ከሰው አእምሮ የሚወጣው እጅግ ደካማ የማግኔት ኀይል ይለካል። በሳይንስ ሸንጎ የዕድሜና የማዕረግ ክብር የተጠበቀ ቢሆንም ፍርዱን የሚሰጠው ፈተና ነው።

አንደርሰን የጆሴፍሰን መምህር ነበር፤ ስለ ብዙዎች ጠባይም ከሁሉ ይልቅ የተከራከረ እርሱ ነው። በቀድሞ ዘመን ቮልፍጋንግ ፓውሊን የመሳሰሉ ሊቃውንት የጠጣር ነገሮችን ምርምር «ቆሻሻ ፊዚክስ» እያሉ ይንቁት ነበር። በ1967 ዓ.ም. አንደርሰንና ፎልከር ሃይነ በኬምብሪጅ የነበረውን የጠጣር ነገሮች የምርምር ቡድን ስም ለውጠው ኮንደንስድ ማተር አሉት፤ የትምህርቱ ስም የተስፋፋው ከዚህ ወዲህ ነው። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ አንደርሰን «ብዙ ሲሆን ይለያል» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የሰጠው ጽሑፍ አሳተመ። አሳቡም፣ ነገርን ሁሉ ወደ ጥቂት ሕጎች መመለስ መቻል፣ ከእነዚያ ሕጎች ተነሥቶ ዓለምን መልሶ መሥራት መቻል ማለት አይደለም የሚል ነው። ብዛት በጨመረ ቍጥር አዲስ ጠባይ፣ አዲስ ሕግና አዲስ ጥያቄ ይመጣል፤ ይህም ከታችኛው ጥያቄ በክብር አያንስም። እኛም የባዝቃውን ታሪክ ካጠናን በኋላ በዚህ አሳብ ተስማምተናል።

ዛሬ ይህ ዕውቀት ከላቦራቶሪ ወጥቶ ሕዝብን የሚያገለግል ሆኖአል። አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ሆስፒታሎች የሕመምተኛውን የውስጥ አካል ያለ ቢላዋ የሚያሳየው ኤም አር አይ የተባለው መሣሪያ፣ ብዙውን ጊዜ ማግኔቱ በፈሳሽ ሄሊየም የቀዘቀዘ የሱፐርኮንዳክተር ጥምጥም ነው። በስዊስና በፈረንሳይ ድንበር ከመሬት በታች በ27 ኪሎ ሜትር ክብ የተዘረጋውና በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ታላቁ የጥቃቅን ነገሮች መመርመሪያም ከፍጹም ዜሮ 1.9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ባለ ቅዝቃዜ በሚሠሩ እንዲህ ባሉ ማግኔቶች የሚንቀሳቀስ ነው። የጥቃቅኑ ምርምር ራሱ የብዙዎቹ ጠባይ ባይታወቅ ኖሮ አይቻልም ነበር።

ከዚህም ሁሉ በኋላ ያልተፈታ እንቆቅልሽ አለ። በ1986 ዓ.ም. ጌዎርግ ቤድኖርትስና አሌክስ ሙለር በስዊስ አገር፣ እንደ ሸክላ የሚሰበርና መዳብ ያለበት አንድ ውህድ ቀድሞ ከታወቁት ሁሉ በበለጠ ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር መሆኑን አገኙ። በሚቀጥለው ዓመት በአሜሪካ አገር ከፍጹም ዜሮ 93 ዲግሪ ከፍ ብሎ የሚሠራ ሌላ ውህድ ተገኘ፤ ይህም በውድ ሄሊየም ፈንታ እጅግ ርካሽ በሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን ሊቀዘቅዝ የሚችል ነው። በእነዚህ ውህዶች ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ እንደሚጣመሩ ታውቋል፤ የሚያጣምራቸው ምን እንደ ሆነ ግን ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። የ1957ቱ መልስ ለእነዚህ አልበቃም። ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ሰው ምናልባት ዛሬ በአንድ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሆናል።

ስለዚህ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ሁሉ ተፈጽሞአል፣ ለኛ የቀረ የለም የሚለውን ቃል አትቀበሉ። ኦንስ ያለ መሣሪያ ሠሪ ወጣቶች፣ ባርዲን ያለ ኩፐርና ያለ ሽሪፈር ወደ ግባቸው እንዳልደረሱ አስተውሉ። የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራንም፣ ልጆቻችሁ ስለ ውኃ መርጋትና ስለ ብረት መሞቅ ሲጠይቁ ጥያቄው ቀላል መስሎ አይታያችሁ፤ ከእንዲህ ያለ ጥያቄ አንዱ ታላላቆቹን ሊቃውንት 46 ዓመት አስተምሮአልና። እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን በየአቅጣጫው ስንሄድ፣ አንዳችን ለብቻችን የማንሆነውን በአንድነት ልንሆን እንደምንችል አምነን እንሄዳለን። ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜና መልካም በዓል እንመኛለን።